«ማን ነገረህ?» ወይም የታሪክ ተማሪ ኤ.አይ.ን እንዴት ይጠቀም

የታሪክ ትምህርት ክፍል ገብቶ ስለ ታሪክ ምንጮች ያልተማረ የለም። የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ፣ የሁለተኛ ደረጃ ምንጭ፣ የጽሑፍ ምንጭ፣ የቃል ምንጭ እያልን ለፈተና ሸምድደናል። ነገሩ ከፈተና ያለፈ ፋይዳ እንዳለው ግን ብዙዎቻችን አስበን የምናውቅ አይመስለኝም። እኔም አላሰብኩም ነበር። ትምህርቱ በደንብ የገባኝ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው፤ ያውም ካፈርኩ በኋላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለምርምር ዘዴ ኮርስ የመመረቂያ ጽሑፍ ፕሮፖዛል አቅርቡ ተባልን። የእኔ ርእስ በሰሜን ሸዋ በአንድ ወረዳ ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በፊት የነበረውን የመሬት ሥሪት የሚመለከት ነበር። ማስረከቢያው ነገ ሊሆን ዛሬ ማታ ዶርም ውስጥ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ስልኬን ከፈትኩ። ከእነዚህ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወይም ኤ.አይ. ከምንላቸው ፕሮግራሞች አንዱን «በዚህ ርእስ ላይ የተጻፉ መጻሕፍትና ጥናቶችን ዘርዝርልኝ» አልኩት። ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ አሥራ ሁለት ሪፈረንስ ደረደረልኝ። የደራሲው ስም አለ፣ ርእሱ አለ፣ የታተመበት ዓመትና ማተሚያ ቤቱ አለ፣ ገጹ ሳይቀር አለ። ከደራሲዎቹ ውስጥ ሁላችንም የምናውቃቸው የአገራችን የታሪክ ምሁራን ይገኙበታል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሁሉንም ገልብጬ አስረከብኩ።

በሳምንቱ መምህራችን ጠሩኝና «አራተኛው ላይ የጠቀስከውን መጽሐፍ እኔም አላየሁትም፤ እስቲ አምጣልኝ» አሉኝ። ላይብረሪ ሄድኩ፤ የለም። ከላይብረሪ ሠራተኛዋ ጋር ካታሎጉን ብናገላብጥም የለም። ያን ጊዜ ደነገጥኩና የቀሩትንም አንድ በአንድ መፈለግ ጀመርኩ። ከአሥራ ሁለቱ በእውን ያሉት አራቱ ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀሩት ስምንቱ ደራሲያቸው አለ፤ መጽሐፉን ግን አልጻፈም። ተመልሼ ይህንኑ ስነግራቸው መምህሩ አልተቆጡም። «ለመሆኑ መጽሐፉ አለ ብሎ ማን ነገረህ?» ብቻ አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። «ስልኬ ነገረኝ» አይባል ነገር!

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ኤ.አይ. አትንኩ ልላችሁ አይደለም። ብልስ ማን ይሰማኛል? ከዶርም እስከ ላይብረሪ የማይጠቀም ተማሪ ማግኘት ከባድ ነው፣ እኔም ዛሬ ድረስ እጠቀማለሁ። ዓላማዬ ያቺ የመምህሬ ጥያቄ የእኛው የሙያ ጥያቄ መሆኗን፣ ማሽኑ ደግሞ በባሕርይው መልስ ሊሰጥባት የማይችል መሆኑን ማስረዳት ነው።

ማሽኑ ምን እየሠራ ነው?

ቻት ጂፒቲ ለሕዝብ የተለቀቀው ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ መሰሎቹ መጥተዋል፤ ሁሉም መሠረታቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው እንደሚመስለው ውስጣቸው መጻሕፍት የተደረደሩበት መደርደሪያ የለም። እጅግ ብዙ ጽሑፍ እንዲያነቡ ተደርገው ከዚህ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ ይችላል የሚለውን ግምት ተምረዋል። ጥያቄ ስንጠይቃቸው ያንን ግምት እየደጋገሙ ቃል በቃል ላይ ይቀጥላሉ። ታዲያ ሪፈረንስ ደግሞ መልኩ የታወቀ ነው፤ ስም፣ ዓመት፣ ርእስ፣ ከተማ። ስለ ኢትዮጵያ መሬት ሥሪት ሲጠየቅ ከዚህ ርእስ ጋር አብሮ የሚነሣ የምሁር ስም ያመጣል፣ ከዚያ ስም ጋር የሚሄድ ርእስ ይገጥማል፣ ዓመቱንም እንደዚሁ። ሊዋሽ አስቦ አይደለም። እውነተኛውን ሪፈረንስ ሲሰጥም ሆነ የሌለውን ሲፈጥር የሚሠራው አንድ ዓይነት ሥራ ነው፤ እኛን የሚያታልለንም ይኸው ነው። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ድፍረት፣ በአንድ ዓይነት ጥርት ያለ ቋንቋ ነው የሚመጡት።

በዚህ የተሸወድኩት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ሳውቅ ትንሽ ተጽናናሁ። ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ለፍርድ ቤት ባቀረቡት ማመልከቻ ላይ ቻት ጂፒቲ የፈጠራቸውን ስድስት የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው ተገኝተው በሰኔ 2015 ዓ.ም. 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። የሚገርመው ግን ቅጣቱ አይደለም። ጠበቃው ተጠራጥሮ «እነዚህ ውሳኔዎች እውነተኛ ናቸው?» ብሎ ራሱን ፕሮግራሙን ጠይቆት ነበር፤ ፕሮግራሙም አዎ አለው። ተከሳሹን ራሱን ምስክር አድርጎ እንደ መጥራት ማለት ነው።

አሁን አሁን ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ኢንተርኔት ውስጥ ፈልገው አድራሻ ጭምር ስለሚሰጡ ችግሩ ቀለል ብሏል የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ቀለል ብሏል። ነገር ግን አድራሻው አለ ማለት ገጹ ያንን ይላል ማለት አይደለም፤ ተከፍቶ ካልተነበበ በስተቀር።

አባባና ማሽኑ

ባለፈው ክረምት ለዚሁ ጥናት ገጠር ወርጄ አዛውንቶችን ስጠይቅ ነበር። ከእነርሱ አንዱ፣ ዕድሜያቸው ሰማንያውን ያለፈ አባባ፣ ከመምህሮቼ ባልተናነሰ የምንጭ ትንተና አስተምረውኛል ብል ማጋነን አይሆንም። ስለ አካባቢው ጭሰኞች ስጠይቃቸው «ይኼን በዓይኔ ያየሁት ነው» ይሉኛል። ስለ ጣሊያን ጊዜ ስጠይቃቸው ደግሞ «እሱን እንኳ አባቴ ሲያወራ ነው የሰማሁት፤ እኔ አልደረስኩበትም ልጄ» ይላሉ። ስለ አንድ የድንበር ክርክር ስጠይቃቸው ቆም አሉና «አላውቅም። እሱን የሚያውቁት እነ እገሌ ነበሩ፣ አልፈዋል። ልጃቸው ግን ከወንዙ ማዶ አለ፣ እሱን ጠይቀው» አሉኝ። እኔም ብልጥ ልሁን ብዬ ሌላ ሰው የነገረኝን የተለየ ዓመት ጠቅሼ «እንዲህ አይደለም ወይ?» ስላቸው «አይ! እኔ ነበርኩ እኮ!» ብለው ተቆጡኝ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያየሁት፣ የሰማሁት፣ የማላውቀው ብለው ለዩልኝ፤ የሚያውቀውንም ሰው ጠቆሙኝ። ወደ ማሽኑ ስንመጣ ግን ሁሉም አንድ ላይ ተፈጭቶ አንድ ዱቄት ሆኗል። የታተመ የምርምር መጽሐፍም፣ የአንድ ስም የለሽ ሰው የማኅበራዊ ሚዲያ ጭቅጭቅም፣ የራሱ የማሽኑ ግምትም በአንድ ድምፅ ይወጣል። ስለ አገራችን ታሪክ በማኅበራዊ ሚዲያ ምን ዓይነት ነገር እንደሚጻፍ ደግሞ አንባቢ ያውቀዋል።

አንድ ሙከራ ላውጋችሁ። የዐድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። በፈረንጆቹ ቀን ቁጠራ መቼ ነበር ብዬ ብጠይቀው ማርች 2 ቀን 1896 አለኝ። ስሕተት ነው፤ ማርች 1 ነው። ዛሬ በዓሉን የምናከብረው በፈረንጆቹ ማርች 2 ላይ ስለሆነ ነው የተሳሳተው። 1900 በእነርሱ አቆጣጠር ሠግር ዓመት አልነበረም፣ የእኛ አቆጣጠር ግን በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ማድረጉን አያቋርጥም፤ በዚህ ምክንያት ከዚያ ዓመት ወዲህ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ። ይህንን ስነግረው «ይቅርታ፣ ትክክል ነዎት፣ ማርች 1 ነው» አለ። ጥሩ። ከዚያ ሆን ብዬ «የለም፣ ተሳስቼ ነው፣ ማርች 5 ነው» አልኩት። አሁንም ይቅርታ ጠይቆ ማርች 5 ነው አለኝ! አባባ ቢሆኑ በከዘራቸው ይሉኝ ነበር። የተጫነው ሁሉ እንደፈለገ የሚመራውን ምስክር የትኛው የታሪክ ሰው ነው ማስረጃ ብሎ የሚጠቅሰው?

የቀን ቁጠራው ነገር ተራ እንዳይመስላችሁ። በእኛ ሙያ ውስጥ ማሽኑ በብዛት ሲያሳስት ያየሁት እዚህ ላይ ነው። የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በፈረንጆቹ 1960 ነው፣ ሰባት እንጨምራለን። የየካቲት 1967ቱ አዋጅ ግን በፈረንጆቹ 1975 ነው፣ ስምንት እንጨምራለን፤ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በመሐል ገብቷላ። የአማርኛ ሰነድ ሰጥታችሁ ወደ እንግሊዝኛ መልስልኝ ስትሉት ዓመቱን አንዳንዴ ይቀይረዋል፣ አንዳንዴ እንዳለ ይተወዋል፣ የትኛውን እንዳደረገም አይነግራችሁም። አንድ ምዕራፍ ላይ ሁለቱ ከተደባለቁ መንሥኤና ውጤት ቦታ ይለዋወጣሉ።

ያላነበበው ይበዛል

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው ነገር ማሽኑ የሚያውቀው በዲጂታል የተቀመጠውን ብቻ መሆኑ ነው። ስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ላይብረሪ የተቀመጡትን የቀድሞ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች፣ በቤተ መዛግብት ያሉትን ደብዳቤዎች፣ በየገዳማቱ ያሉትን የብራና መጻሕፍት፣ በየወረዳው ፍርድ ቤት አቧራ የጠጡትን መዝገቦች አብዛኞቹን አላየም። የአገራችን የታሪክ ማስረጃ ደግሞ ክብደቱ እዚያ ነው።

በአማርኛ የተጻፈው ዲጂታል ጽሑፍም ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። በዚያ ላይ ፊደላችን አለ። ዛሬ በሰፊው በሚሠራበት የኮምፒዩተር አጻጻፍ ሥርዓት አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል በአንድ ባይት ሲቀመጥ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። እነዚህ ፕሮግራሞች ጽሑፍን ቆራርጠው ነው የሚያነቡት፤ አቆራረጡ በዋናነት እንግሊዝኛን መሠረት አድርጎ ሲሠራ የአማርኛ ቃል ብዙ ቦታ ይበጣጠሳል። አዳዲሶቹ ተሻሽለዋል፣ ልዩነቱ ግን ጨርሶ አልጠፋም። በመሆኑም በእንግሊዝኛ ጠይቆ ያገኙትን መልስና በአማርኛ ጠይቆ ያገኙትን መልስ አንድ አድርጎ ማመን ሞኝነት ነው።

ይህ የሚያስከትለውን ጣጣ ከራሴ ጥናት ላሳያችሁ። አባባ ስለ አንድ ቀበሌ ሲናገሩ «ጉልቱ የባላባቱ ነው፣ ርስቱ ግን የእኛ ነው» ብለዋል። የታሪክ ተማሪ ይህን ሲሰማ ያውቀዋል። ርስት ከአቅኚ አባት በትውልድ የሚወረድ የመሬት መብት ነው፤ ጉልት ደግሞ ከመሬቱ ላይ ግብር የመቀበል መብት ነው፤ ሁለቱ በአንድ መሬት ላይ በአንድ ጊዜ ይኖራሉ። ማሽኑ ይህን ዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ግን ሁለቱንም «የመሬት ባለቤትነት» አደረጋቸው። አባባ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር የተናገሩ መሰሉ። ማብራሪያ ስጠይቀው ደግሞ የአውሮፓን ፊውዳሊዝም ዘርዝሮ ነገረኝ፤ ጭሰኛውን ከአውሮፓው ገባር፣ ባለጉልቱን ከአውሮፓው መስፍን ጋር እኩል አድርጎ። ጽሑፉ ሲነበብ ደስ ይላል፤ የኛን አገር ግን አይደለም የሚያወራው። የመመረቂያ ጽሑፌ ሙሉ ክርክር ያረፈው በእነዚያ ሁለት ቃላት ልዩነት ላይ ስለነበረ እንዳለ ብቀበለው ኖሮ ጥናት የምለው ነገር አይቀረኝም ነበር።

የሰው አደራ

አሁን የምናገረው ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝን ነው፤ በክፍላችን ሲነሣ ግን ሰምቼ አላውቅም። ቃለ መጠይቅ የቀዳን ተማሪዎች ቅጂውን መጻፍ ስለሚሰለቸን ሙሉውን ጽሑፍ ወይም ድምፁን እንዳለ ለማሽኑ እንሰጣለን፤ ተርጉምልኝ፣ አሳጥርልኝ እንላለን። የሰጠነው ነገር የሚሄደው ውጭ አገር ወዳለ የኩባንያ ኮምፒዩተር ነው። እንደ ፕሮግራሙና እንደ መረጥነው ቅንብር ለቀጣይ ሥልጠና ሊውልም ይችላል።

ያ ቃለ መጠይቅ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ማን የማንን መሬት እንደነጠቀ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ማን ማንን እንደጠቆመ፣ የእገሌ ቤተሰብ ከየት እንደመጣ። የሚወሩት ሰዎች ልጆች ዛሬም ጎረቤታሞች ናቸው። አባባ ይህን የነገሩኝ እኔን አምነው፣ ቡና አፍልተው፣ ቤታቸው አስቀምጠው ነው። «ለትምህርት ብቻ ነው» ብያቸዋለሁ። ለማሽን ልስጠው ወይ ብዬ አልጠየቅኋቸውም፤ ብጠይቃቸውም ምን ብዬ እንደማስረዳቸው አላውቅም። አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች፤ የሰውን የግል መረጃ ያለ ፈቃዱ እንደፈለጉ ማድረግ ከእንግዲህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ድምፁን ራሴ ጻፍኩት። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ፣ አልዋሽም፣ በጣም ሰለቸኝ። ማስተርጎም ሲያስፈልገኝ ስምና ቦታ አውጥቼ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የምሰጠው።

እንግሊዝኛችንና መርማሪው

የምናስበው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በሌላ የአገራችን ቋንቋ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የምንጽፈው በእንግሊዝኛ። ተማሪ ወደ ማሽኑ የሚሮጥበት ትልቁ ምክንያት ስንፍና ብቻ ሳይሆን ይህም ነው። መምህራንም በበኩላቸው ተማሪው በማሽን ማስጻፉን ለማወቅ ሌላ ማሽን ይጠቀማሉ። እዚህ ላይ ለመምህሮቻችን በአክብሮት አንድ ነገር ላቅርብ። በ2015 ዓ.ም. የወጣ የአሜሪካው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ሰባት መርማሪ ፕሮግራሞችን የእንግሊዝኛ አፍ መፍቻ ባልሆኑ ሰዎች በተጻፉ 91 የቶፍል ድርሰቶች ላይ ፈትኖ ነበር። ፕሮግራሞቹ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን በሰው እጅ የተጻፉ ድርሰቶች የማሽን ሥራ ናቸው ብለዋል። የአሜሪካ ልጆችን ድርሰት ግን እምብዛም አልተሳሳቱበትም። ቀላል ቃልና አጭር ዓረፍተ ነገር ሲያዩ ማሽን ነው ይላሉ፤ እኛ ደግሞ እንግሊዝኛ ስንጽፍ የምንችለው ያንኑ ነው። የቻት ጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ራሱ የሠራውን መርማሪ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. አንሥቶታል።

አንዲት የማውቃት ልጅ በዚህ ምክንያት ተጠርታ ነበር። ያዳናት ደብተሯ ነው። ረቂቋን በእስክሪብቶ ስትጽፍ፣ ስትሰርዝ፣ በዳር ማስታወሻ ስትይዝ የነበረችበትን ደብተር ይዛ ሄዳ ገጽ በገጽ አሳየች። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ረቂቃችሁን አትጣሉ። በኮምፒዩተር የምትጽፉም በየቀኑ ሌላ ፋይል አድርጋችሁ አስቀምጡ።

እኔ እንዴት እጠቀማለሁ?

መጀመሪያ በራሴ እንግሊዝኛ እጽፋለሁ፣ እንደፈለገ ይሰበር። ከዚያ አንድ አንቀጽ ሰጥቼ «ሰዋስዉን ብቻ አርም፣ ሐሳቡን አትንካ፣ ያረምከውንም ለምን እንዳረምክ ንገረኝ» እለዋለሁ። ለምን የሚለው ነው ያስተማረኝ። ከባድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሲያጋጥመኝ እንዲያብራራልኝ አድርጌ ወደ ዋናው እመለሳለሁ። ለፈተና ስዘጋጅ ጥያቄ እንዲያወጣልኝ አደርጋለሁ። መልሱን ከሃንድአውት ነው የማየው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ መውጫ ፈተና መመረቅ የለም፤ የፈተናው አዳራሽ ደግሞ ስልክ አያስገባም።

በጣም የወደድኩት አጠቃቀም ግን ተከራካሪ ማድረግ ነው። ክርክሬን ጽፌ «ይህንን የማይቀበል ሰው ምን ይላል?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ካመጣቸው አምስት ተቃውሞዎች ሦስቱ ተራ ይሆናሉ፤ አንዱ ግን አንዳንዴ እንቅልፍ ይነሣል። እዚህ ላይ ቢሳሳትም ጉዳት የለውም፣ ማስረጃ አድርጌ አልጠቅሰውማ! ሪፈረንስ ሲጠቁመኝም እንደ ጭምጭምታ ነው የምቆጥረው፤ መጽሐፉን በእጄ ሳልይዝ፣ ገጹን በዓይኔ ሳላይ ዝርዝሬ ውስጥ አይገባም። የአገራችንን ደራስያን ስም ገልብጦ የአባትን ስም እንደሚያስቀድም ደግሞ አትርሱ። ታደሰ ታምራት በእኛ ጽሑፍ ታደሰ ታምራት ናቸው።

ትምህርት ክፍላችን በዚህ ጉዳይ እስካሁን የተጻፈ ነገር ስለሌለው ሦስት ነገር ልጠይቅ። በመመረቂያ ጽሑፍ መግቢያ ላይ ተማሪው የትኛውን ፕሮግራም ለምን ሥራ እንደተጠቀመ በአንድ አንቀጽ ይግለጽ፤ ስለገለጸም አይቀጣ። በመከላከያው ዕለት ፈታኞች ከሪፈረንሱ ሁለቱን መርጠው አምጣ ይበሉት። በመርማሪ ፕሮግራም ውጤት ብቻ ማንም ጥፋተኛ አይባል፤ ተጠርቶ ይጠየቅ፣ ረቂቁም ይታይለት።

የእኔ ፕሮፖዛል ከየት ደረሰ ለሚል፣ ጸድቋል። ሪፈረንሱ አሁን ሰባት ብቻ ነው፤ ሁለቱን ኮፒ ለማድረግ አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ ሄጃለሁ። አራተኛው ላይ የነበረውን መጽሐፍ መምህሬ አሁንም እየፈለጉት እንደሆነ ሲቀልዱብኝ እሰማለሁ።